ዛሬ ምን ተሰበከ?

ትልቋ ልጃችን 14 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አሜሪካ፣ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ነው። የቤት ውስጥ አማርኛ ትሰማለች፤ «ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ» ሲባል ይገባታል። የመድረክ አማርኛ ግን ይከብዳታል። ስለዚህ እሑድ ስብከት ሲጀመር እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ደብተሯን ትከፍትና መሳል ትጀምራለች።

እኔ በቤተ ክርስቲያናችን በአስተናጋጅነት አገለግላለሁ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ አቀርቅራ ስትስል ሳያት አፍር ነበር። ወገኖች «የእርሱ ልጅ ቃሉ ሲነገር ትጫወታለች» የሚሉኝ ይመስለኛል። አንድ እሑድ ቤት እንደ ገባን ደብተሩን ከእጇ ወስጄ ዐይኗ እያየ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። አላለቀሰችም። «እሺ አባዬ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ በስብከት ሰዓት እጆቿን አጣጥፋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እኔም «ተስተካከለች» ብዬ ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ግን ደስ አላላትም። በልጆቹ ፊት አንድ ቃል አልተናገረችም። ማታ ብቻችንን ስንሆን «የጣልከው ወረቀት እንዳይመስልህ» አለችኝ። እኔም መለስኩ፤ እርሷም መለሰች። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ውድ አንባቢያን፣ በትዳር ውስጥ ከጩኸት የሚከፋ ዝምታ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሦስት ወር ያህል «ጨው አቀብለኝ» እና «የመኪናው ቁልፍ የት ነው?» ከሚል ያለፈ ንግግር አልነበረንም።

በዚህ መካከል የልጃችን መምህርት በክፍለ ግዛታችን ስለሚገኙ እንግዳ ነገሮች አጥንታችሁ ኑ የሚል የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ጆርጂያ 16 ዓመት ኖርን። ከሥራ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ሌላ ምን አየን?» አለች። እውነቷን ነው። ሁለት ቅዳሜ ፈቃድ ጠየቅሁና ልጆቹን ይዘን ወጣን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአትላንታ በስተምሥራቅ ወዳለችው አቴንስ ሄድን። የግሪኳ ሳትሆን የጆርጂያዋ አቴንስ ነች። በከተማው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ሁለት አፈሙዝ ያለው መድፍ ቆሟል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ጆን ጊሌላንድ የሚባል የጥርስ ሐኪም የነደፈው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሁለት ጥይቶች በአንድ ሰንሰለት ታስረው በአንድ ጊዜ ይተኮሳሉ፤ በመካከላቸው የተወጠረው ሰንሰለትም ፊት ለፊት ያገኘውን ሁሉ እንደ ማጭድ ያጭዳል። ነገር ግን በሙከራው ቀን ሁለቱ አፈሙዞች እኩል አልተኮሱም። አንዱ ቀደመ፤ ሌላው ዘገየ። የታሰሩት ጥይቶች እየተሽከረከሩ የበቆሎ ማሳ አረሱ፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ አንዷ ጥይት የአንድ ቤት ጭስ ማውጫ አፈረሰች፤ ሌላዋ ላም ገደለች ተብሎ ይተረካል። ዒላማው ግን ምንም አልሆነም።

ልጃችን ጽሑፉን አንብባ ስታስረዳን ትንሹ ወንድሟ ሳቀ። ባለቤቴ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ ቀስ ብላ «እኛን ነው» አለችኝ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው የቀልድ ቃል ነበር። ሳቅሁ፤ ግን ልቤን ነካው። ጌታ በአንድ ሰንሰለት አስሮናል። እኩል ሳንነጋገር የምንተኩሰው ነገር ዒላማውን ስቶ የሚያገኘው ልጆቻችንን ነው።

ልጄ መድፉን በስልኳ ፎቶ አነሣች፤ የሚጻፈውንም ጻፈች። «ለምን አትስዪውም?» አልኳት። «አልስልም» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። እንዲሁ ተወችው።

ከዚያ ጎስፔል ፒልግሪም ወደሚባለው የድሮ የጥቁር አሜሪካውያን መካነ መቃብር ሄድን። ሃሪየት ፓወርስ የተቀበረችው በዚያ ነው። በ1837 ከአቴንስ ብዙ ሳይርቅ በባርነት ተወለደች። ነፃነት ከመጣ በኋላ በ1885 እና 1886 ገደማ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየቆረጠችና እየሰፋች አንድ የአልጋ ልብስ ሠራች። በ11 ክፍሎች አዳምና ሔዋንን፣ ቃየንና አቤልን፣ የያዕቆብን ሕልም፣ የጌታችንን ጥምቀት፣ የመጨረሻውን እራትና ስቅለቱን አሳየችበት። በ1886 በከተማው የጥጥ ትርኢት ላይ ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት አየችውና ልግዛሽ አለቻት። ሃሪየት እንቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር ሲጸናባት በ1891 ይዛው መጣች። 10 ዶላር ጠየቀች፤ 5 ዶላር ተሰጣት። ከመለየቷ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ታሪክ ለገዢዋ አስረዳች። ከዚያም በኋላ ሥራዋን ለማየት ደጋግማ ትመጣ ነበር። ዛሬ ያ ጨርቅ በዋሽንግተን ከተማ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም እንደ ውድ ሀብት ተጠብቋል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። እኔ በዚያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም። የምታስበው ስለ አምስቱ ዶላር መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጓዝን። ማሪየታ ላይ 56 ጫማ ቁመት ያለው፣ ዐይኑና መንቆሩ የሚንቀሳቀስ ከብረት የተሠራ ዶሮ አየን። ከ1963 ጀምሮ ስለቆመ የአካባቢው ሰው መንገድ ሲጠቁም «ከትልቁ ዶሮ ወደ ግራ» ይላል። ትንሹ ልጃችን ከዚያ የበለጠ ምንም ማየት አልፈለገም።

ቀጥለን ሮም የምትባል ከተማ ደረስን። በከተማው አስተዳደር ፊት ለፊት ሁለት ሕፃናትን የምታጠባ የነሐስ ተኩላ ቆማለች። የጥንቷ ሮም ምልክት ናት። በ1929 ከኢጣሊያ የተላከች ስጦታ ስትሆን የላኪው ስምም ተጽፎባታል፤ ቤኒቶ ሙሶሊኒ! አያቴ ማይጨው የዘመቱ ሰው ነበሩ። ያንን ስም ጆርጂያ ውስጥ አነባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የከተማው ሰዎች በ1940 ኢጣሊያ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ተኩላዋን አንሥተው ደበቋት፤ በ1952 መለሷት። በ1933 ከሁለቱ ሕፃናት አንዱ ተሰርቆ ስለነበር ምትክ ከኢጣሊያ መጥቷል። ራቁትነታቸው ያሳፈራቸው ሰዎችም በበዓል ቀን ለሕፃናቱ የሽንት ጨርቅ ያስሩላቸው ነበር አሉ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስለ አያቴ ለልጆቼ ነገርኳቸው። ከዚያ በፊት ነግሬያቸው አላውቅም። ለካ አንድ የሚታይ ነገር ሲኖር ታሪክ በቀላሉ ይጀመራል።

ከሰዓት በኋላ ሰመርቪል አጠገብ ወዳለው ፓራዳይዝ ጋርደን፣ ማለትም «የገነት አትክልት ስፍራ» ደረስን። ይህን ቦታ የሠራው ሃዋርድ ፊንስተር የሚባል የባፕቲስት ሰባኪ ነው። በ1916 አላባማ ተወለደ፤ ገና በጉርምስናው መስበክ ጀመረ። ብስክሌት፣ የሣር ማጨጃና ቴሌቪዥን እየጠገነ አምስት ልጆች አሳደገ። ከ1961 ጀምሮ ረግረግ የነበረውን ቦታ እያደረቀ ሰው የጣለውን ሁሉ ሰበሰበ። ጠርሙስ፣ የመስተዋት ስባሪ፣ ብይ፣ መሣሪያ፣ የድሮ ጌጣጌጥ፤ ሁሉንም በሲሚንቶ ውስጥ እየተከለ መንገድና ግድግዳ አደረገው። የብስክሌት ብረት የተከመረበት ማማ አለ። እንደ ሠርግ ኬክ እየጠበበ የሚወጣ የእንጨት ሕንፃ አለ። በየቦታው የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ተጽፏል።

ልጄ አንድ ጽሑፍ ፊት ቆማ ቀረች። «አባዬ፣ ይኼን ስማ» አለችና በግማሽ እንግሊዝኛ በግማሽ አማርኛ ተረጐመችልኝ። ፊንስተር አንድ እሑድ ማታ ለምእመናኑ «ዛሬ ጠዋት ምን ሰበክሁ?» የሚል ጥያቄ አቀረበላቸው። ያስታወሰ ሰው አልተገኘም። እርሱም ለዓመታት ሲደክምበት የኖረው ቃል በአንድ ቀን እንደሚረሳ ተረዳ። በ1965 የመጋቢነት ሥራውን ተወ። በ1976 ብስክሌት ቀለም ሲቀባ ጣቱ ላይ በቀረው ነጭ ቀለም ውስጥ ፊት ታየኝ፣ ቅዱስ ሥዕል ሣል የሚል ጥሪም ተሰማኝ አለ። ሥዕል እንደማይችል ቢያውቅም ከኪሱ አንድ ዶላር አውጥቶ የጆርጅ ዋሽንግተንን ፊት በመሣል ጀመረ። በ2001 እስኪያርፍ ድረስ ከ46,000 በላይ ሥራዎችን ቁጥር እየሰጠ ሠራ፤ ብዙዎቹም የተጻፈ ስብከት ነበሩ። በ1985 ለአንድ የሮክ ሙዚቃ ቡድን አልበም ሽፋን እስከ መሣል ደርሷል። «ለዓለማውያን?» የሚል አይጠፋም። እርሱ ግን መልእክቱ ቤተ ክርስቲያን የማይመጣ ሰው ቤት እንደሚገባ ያምን ነበር። አየሁ ያላቸውን ራእዮች ሁሉ መቀበል አይጠበቅብንም፤ ሌሎች ዓለማትን ጎብኝቻለሁ ሳይቀር ብሏል። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ያን ማታ ቤት ገብተን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴን «ባለፈው እሑድ ምን ተሰበከ?» አልኳት። አሰበች። «አላስታውስም፤ አንተስ?» አለችኝ። እኔም አላስታወስኩም። ማስታወሻ የምይዝ፣ በር ላይ ቆሜ ሰው የማስተናግድ እኔ! ጥቂት ዝም ካልኩ በኋላ «ያ ደብተር በኖረ» አልኩ።

ባለቤቴ ተነሥታ ሻንጣዋን ከፈተች። ከነጠላዎቿ መካከል ደብተሩን አወጣች። ያኑ ዕለት ማታ ከቆሻሻው ውስጥ አውጥታ ጠርጋ አስቀምጣው ኖሯል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አንተው እስክትጠይቅ ነው የጠበቅሁት» አለች። በአቴንስ አንገቷን ያስደፋት ይህ ነበር።

ገለጥኩት። ሁሉም መንፈሳዊ ነበር ብላችሁ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ጫማ አለ፤ የጓደኞቿ ፊት አለ። በመካከል ግን መርከብ አለ፤ ጉድጓድ አፋፍ የቆመች ሴት አለች። የገባትን ያህል ስትከተል ኖራለች። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ከረባቱ የተጣመመ፣ አፉን ከፍቶ ወንበር ላይ የተኛ ሰው አለ። እኔ ነኝ። ሌሊት ሠርቼ የመጣሁበት እሑድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ይዤ ክፍሏ ገባሁ። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ እኔ ባደግሁበት ቤት አልተለመደም። ምላሴ ከበደኝ። «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ ልጄ» አልኳት። ደብተሩን ተቀብላ ያንን ገጽ አየችና «አባዬ፣ አንኮራፍተህም ነበር» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

በዚያ ሳምንት ዘጸአት 31ን አነበብኩ። እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነበር። ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ!

አሁን እሑድ ምሳ ላይ «ዛሬ ምን ተሰበከ?» ብለን እንጠያየቃለን። እኔ ከአምልኮ በፊት ሁለት ሲኒ ቡና እጠጣለሁ። ልጄ አንዳንድ ጊዜ ዛሬም ጫማ ትስላለች፤ ከባድ ቃል ሲያጋጥማት ግን ጎን ላይ ጽፋ ትጠይቀናለች። በቅርቡ ስለ ጠፋችው በግ ሲሰበክ የሣለችውን አሳየችን። እረኛው የሚያንጸባርቅ የመጋዘን ሰደርያ ለብሷል፤ በጉን ተሸክሞ በሌሊት ይመጣል። ማንን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም። ያንን ስብከት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ውድ ወላጆች፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ባልና ሚስት ሆናችሁ ተነጋገሩ። የልጃችሁን ደብተር ከመጣላችሁ በፊት ደግሞ ገልጣችሁ እዩት።