መግቢያውና መውጫው

ላኦስ ውስጥ ለታዳጊ የቡድሃ መነኮሳት እንግሊዝኛ ሳስተምር መቆየቴን ሲሰሙ፣ ወዳጆቼ ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ጸጥታው ነው። እናቴ ደግሞ ስለ ሃይማኖቴ። «ከጣዖት ቤት ምን ልትሠሪ ሄድሽ ልጄ?» ብላኝ ነበር። ለእሷ መልሱ ቀላል ነው፤ የሄድኩት ላስተምር እንጂ ልሰግድ አይደለም። ጸጥታውን ግን እኔም አላገኘሁትም። ክፍል ሙሉ ጎረምሳ ባለበት ምን ጸጥታ አለ? ብርቱካንማ ልብስ ይልበሱ እንጂ ስለ ኳስ ይከራከራሉ፣ ስልክ ይደብቃሉ፣ የቤት ሥራ ይኮራረጃሉ።

ከተማዋ ሉዋንግ ፕራባንግ ትባላለች። ሜኮንግና ናም ካን የተባሉ ወንዞች የሚገናኙባት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የድሮ የነገሥታት መናገሻ ናት። ጎህ ሲቀድ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ምእመኑ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ሩዝ ያድላቸዋል። የቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚያ ተማሪውን የሚያሳድድ ውሻ የለም፤ የተባረከውም ሰጪው ነው። ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አይቀምሱም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የማስተምረው ጾመኞችን ነበር። ሴት በመሆኔ ከእጄ ምንም አይቀበሉም። ደብተራቸውን አርሜ ጠረጴዛ ላይ አኖራለሁ፣ እነሱ ያነሳሉ። በቀላሉ ይለመዳል።

ለመሆኑ ለምን ገዳም ገቡ? ብዙዎቹ የገጠር ድሃ ልጆች ናቸው። ገዳም ምግብ፣ ማደሪያና ትምህርት ይሰጣል። ገና ሙሉ መነኮሳት አይደሉም፤ የሚጠብቁት 10 ትእዛዝ ነው። 20 ዓመት ሞልቷቸው ሙሉውን ማዕረግ ከተቀበሉ 227 ይሆናል። ልብሱን አውልቆ ወደ ዓለም መመለስም በእነሱ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ይወጣሉ። ያኔ ዳቦ የሚገኘው ከሆቴል፣ ከአስጎብኚነት፣ ከቱሪስት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ከቻይና እስከ ዋና ከተማው ቪየንቲያን የተዘረጋው ባቡር በዚያች ከተማ ያልፋል። አገራቸው እ.ኤ.አ. በ1997 የገባችበት የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ አሲያን፣ የሥራ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ወደ ገዳሙ መንፈስ ሊገባ ይጓጓል፤ ተማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ሊወጣ ያጠናል። አንዱ ስለ ተመስጦ ይጠይቃል፣ ሌላው ደግሞ ለእንግዳ ክፍል እንዴት እንደሚያከራይ፣ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚመልስ ማወቅ ይፈልጋል። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ልንደነቅ አይገባም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ከጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ነው አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት።

በመጀመሪያው ሰሞን አንዱ ልጅ «በአገርሽ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም፣ እኔም እንደ አንተ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የተማርኩት አልኩት። ከዚያ በኋላ መሳሳት ቀለላቸው። በቋንቋቸው ቃል በ«ስ» ድምፅ አያልቅም፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛው ብዙ ቁጥር ጫፉ ይጠፋባቸዋል። ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣ ሰው ይህን እንደ ስንፍና ሊያየው ይችላል። እኔ ግን ተምሬው ስለመጣሁ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ አውቃለሁ።

ልጆቹን በእውነት የሚጎዳቸው ሌላ ነው፤ የመምህር መቀያየር። አንዱ ሄዶ ሌላው ሲመጣ ትምህርቱ እንደገና ከሰላምታና ከስም ይጀመራል። ጎበዙ ተማሪ ስሙንና ዕድሜውን ለመጣው ሁሉ እየነገረ ዓመቱ ያልፋል። ፈገግታው ስለማይጠፋ አዲሱ መምህር ደስ ይለዋል፣ ፎቶም ያነሳል።

እኛ ከውጭ በመጣ በጎ ፈቃደኛ መማርን በተማሪው ወገን ሆነን እናውቀዋለን። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ኋላ ሴናተር የሆነው ፖል ሶንጋስ ወሊሶ ላይ አስተምሯል። ስለ እነሱ ብዙ መከራከር ይቻላል፤ ግን ሁለት ዓመት ይቀመጡ ነበር፣ በአገሩ ትምህርት ቤት፣ በርእሰ መምህር ሥር። በእነሱ እጅ የተማሩ አባቶቻችን ዛሬም የመምህራቸውን ስም የሚጠሩት ለማወቅ ጊዜ ስላገኙ ነው።

ስለዚህ ለመሄድ ለምታስቡ፣ በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ የዓመት ፈቃዳችሁን በበጎ ሥራ ማሳለፍ ለምትፈልጉ፦ ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ መምህር ነኝ አትበሉ። እዚያው ከተማ ቢግ ብራዘር ማውስ የሚባል መጽሐፍ አሳታሚ አለ፤ መንገደኛ ገብቶ ከወጣቶቹ ጋር እንግሊዝኛ ያወራል፣ ይወጣል። ማንም ማንንም አያታልልም። ክፍል መያዝ ከፈለጋችሁ ግን ወራት ይኑራችሁ፤ የቱሪስት ቪዛ ለሥራ እንደማይሆንም እወቁ። ቋሚውን የአገሩን መምህር ፈልጉ፣ በእሱ ዕቅድ ግቡ፣ የት እንዳደረሳችሁ ለተተኪው ጽፋችሁ ተዉ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ። የልጃችሁ ትምህርት ቤት በየወሩ አዲስ መንገደኛ የሒሳብ መምህር አድርጎ ቢያስገባ ዝም ትላላችሁ? ዝም የማትሉ ከሆነ የላኦሱ ገበሬም ልጁ ልጅ ነው።