በጨዋታ ውስጥ ስለሚሰወር ነገር

ሰው በልቡ ያለውን ሁሉ በአፉ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ለልብ ወለድ ጸሓፊ ሥራ ባልተገኘለትም ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ሲጫወቱ፥ ነገሩ ግን ስለ ዝናብም ስለ መንገድም ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። የቅኔ ተማሪ ይህን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የለመደው ነው። ዳሩ ግን በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ የተሰወረው ነገር የሚገለጠው በሌላ መንገድ ነውና ጥቂት ሊመረመር ይገባዋል።

አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ያሳተመው፥ ነጭ ዝሆኖች ስለሚመስሉ ኮረብቶች የሚያወራው ታሪክ፥ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። አንድ አሜሪካዊና አንዲት ወጣት በእስፓንያ አገር፥ በኤብሮ ወንዝ ሸለቆ፥ በባቡር ጣቢያ ተቀምጠው ወደ ማድሪድ የሚሄደውን ባቡር ይጠብቃሉ። ባቡሩ ሊደርስ 40 ደቂቃ ቀርቶታል። ሙቀት ነው፤ ቢራ ያዝዛሉ፤ ስለሚጠጡት ነገር ይነጋገራሉ። ሰውየው ቀላል ነው ስለሚለው አንድ ሕክምና ያነሣል፤ ሕክምናው ምን እንደ ሆነ ግን እርሱም እርሷም በስሙ አይጠሩትም፤ ደራሲውም አይጠራውም። አንባቢ ቀስ እያለ ልጅቱ እንደ ፀነሰች፥ ሰውየውም ፅንሱ እንዲወርድ እንደሚሻ ይረዳል። እርሱ ካልፈቀደች እንደማያስገድዳት ደጋግሞ ይነግራታል፤ መደጋገሙም ራሱ ማስገደድ ይሆናል። ከጣቢያው በአንዱ ወገን ዛፍና ጥላ የሌለው ምድር አለ፤ በሌላው ወገን እርሻና ወንዝ ይታያል። ልጅቱ ተነሥታ ወደ ልምላሜው ትመለከታለች። እርሱ የሚመለከተው ግን ያደሩባቸው ሆቴሎች ምልክት የተለጠፈባቸውን ሁለት ሻንጣዎች ነው።

ደራሲው በማንም ላይ አይፈርድም። ይህ ለአንዳንድ አንባቢ ጉድለት መስሎ ይታየዋል፤ ነገር ግን ፍርዱን ከሻንጣውና ከወንዙ የማያነብ ሰው በግልጽ ቢነገረውም እምብዛም አይጠቀምም።

ታሪኩ በመቱ ከተማ ቢሆን ኖሮስ ምን ይመስል ነበር? ኢሉባቡር ስሙ ባቡርን ያስታውሳል እንጂ ሐዲድ ገብቶበት አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱ የሚቀመጡት በአውቶቡስ መናኸሪያ፥ ወደ በደሌና ወደ ጅማ የሚሄደውን መኪና እየጠበቁ ይሆናል። ደረቅ ኮረብታም አይገኝላቸውም። ከሶር ወንዝ እስከ ጎሬ፥ ከጎሬም ወደ ቡሬ ያለው አገር የዱር፥ የቡናና የማር አገር ነውና፥ ልምላሜን ለአንዱ ሐሳብ፥ ድርቀትን ለሌላው መስጠት አይቻልም። በዚያ አገር የሚጽፍ ሰው ሌላ ምልክት ሊፈልግ ግድ ይሆንበታል። በቆርቆሮ ጣራ ላይ ወርዶ የተጀመረን ቃል የሚያቋርጠውን ዝናብ ሊወስድ ይችላል፤ ሊናገር ለፈራ ሰው ዝናብ መልካም ምክንያት ነው።

ከዝናቡ ይልቅ ግን ቡናው ይሻላል። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚቀርብ ስለ ሆነ፥ ቡና ለጨዋታ እንደ ተሠራ ሰዓት ነው። ስለ ከባድ ጉዳይ የመጣ እንግዳ በአቦል ጉዳዩን አያነሣም፤ የቤተ ሰቡን ጤና፥ የከብቱን ነገር ይጠይቃል። በቶና ወደ ነገሩ ይጠጋል፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ምሳሌ ያመጣል። ባለቤቲቱም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ፍሙን ታራግባለች። ምናልባት በረካው ሳይቀርብ ስኒዎቹን መሰብሰብ ትጀምር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማንም ክፉ ቃል ሳይናገር መልሱ ተሰጥቷል። ይህን እንደ ሆነው የሚጽፍ ሰው የባለቤቲቱን ልብ ሊተረጕም አይገባውም፤ የስኒው ድምፅ ይበቃል።

ለአማርኛ ደግሞ እንግሊዝኛ የሌለው አንድ ሀብት አለው። በሄሚንግዌይ ታሪክ ሁለቱ ሰዎች የሚጠራሩበት ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ በአማርኛ ግን አንተ፥ አንቺና እርስዎ አለ። ታሪኩን የሚተረጕም ሰው ገና በመጀመሪያው መስመር ልጅቱ ሰውየውን አንተ ትለዋለች ወይስ እርስዎ ብሎ መወሰን አለበት። አንተ ስትለው የቈየች ሴት በመካከል ድንገት «ይጠጡ እንጂ» ብትለው፥ ቃሉ የአክብሮት ነው፤ ነገሩ ግን በር እንደ መዝጋት ነው። በታሪኩ ፍጻሜ ሰውየው እንደ ተሻላት ሲጠይቃት ደኅና መሆኗን ትነግረዋለች። ይህ በአማርኛ ይበልጥ ይከብዳል። ደኅና ማለት የታመመውም፥ የከሰረውም፥ ያዘነውም ሰው ለሰላምታ የሚመልሰው ቃል ነውና፥ ምንም ሳይናገር ሁሉን ይናገራል።

በዚህ ነገር ላይ የሚሳሳቱ ተርጓሚዎችና መምህራን አይጠፉም። ዝሆኑ ሕፃኑ ነው፥ ወንዙ ሕይወት ነው፥ ሻንጣው ኃጢአት ነው እያሉ እንደ መዝገበ ቃላት ይዘረዝራሉ። በጣቢያው ደጃፍ ዝንብ ለመከልከል የተሰቀለ የዶቃ መጋረጃ አለ፤ ልጅቱ ሁለቱን የዶቃ ክሮች ትይዛለች። መጋረጃው መጋረጃ ነው። የያዘችው እጅዋ የሚይዘው ነገር ስለ ፈለገ ነው፤ ጭንቋ የሚታወቀውም ከዚህ ነው። ሰሙ እውነተኛ ሰም ካልሆነ ወርቅ አይወጣውም።

ከዚያው ከኢሉባቡር፥ ከሱጴ፥ ከሕንድ ነጋዴ አባት የተወለደው በዓሉ ግርማ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የታተመው «የህሊና ደወል» በትውልድ አገሩ ስላለ የገጠር መምህር፥ ስለ ሐዲስ ሳህሌ፥ የተጻፈ ነው። በርእሱ ያለው ደወል አስቀድሞ ተማሪ የሚጠራ የትምህርት ቤት ደወል ነው፤ አንባቢ የህሊናውን ድምፅ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው ይህንኑ ታሪክ ኋላ «ሐዲስ» ብሎ እንደገና ጽፎታል። በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» ግን መጋረጃውን ገለጠው፤ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተደረገውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ፥ ሰዎቹ በቀላሉ እስኪታወቁ ድረስ ጻፈ። ርእሱ ብቻ የተሰወረ ቃል ሆኖ ቀረ፤ ከኢጣልያንኛ የመጣ፥ ነገር ማክተሙን የሚናገር ቃል ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መጽሐፉን ሰዎች በስውር እየተዋዋሱ ያነቡት ነበር።