ዘፋኙ መቼ ይገባል?

ኃይሉ መርጊያ በ1985 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገቡና ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠርተው ወጡ። አኮርዲዮኑን የሚጫወቱት እሳቸው፣ ሮድስ ፒያኖውን እሳቸው፣ ሲንተሳይዘሩንም እሳቸው፤ ከበሮውን ድራም ማሽን ይመታላቸዋል። «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። አኮርዲዮን ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እንኳ በኦርጋንና በኪቦርድ ተተክቶ የአባቶች መሣሪያ ሆኖ ነበር። እሳቸው አቧራውን አራግፈው ከማሽን ጋር አጋቡት። ማሽኑ ሳይደክም፣ ሳይቸኩል ደረቅ ምቱን ይደግማል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ ትንፋሹን እየሳበ ዜማውን ያጥፈዋል፣ ያዘገየዋል፣ አንዳንዴም ከምቱ ወደኋላ ቀርቶ ተመልሶ ይደርስበታል። ሰውና ማሽን ሲነታረኩ በኛ ቅኝት የሰማሁት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ እኛ የዋሽንግተን ሐበሾች ምን አደረግን? ገዛነው። መኪና ውስጥ ከተን ጥቂት ቀን አዞርነው። «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ተባባልን። ዘፋኙ አልገባም፤ ካሴቱ ጓዳ ገባ።

አመሉን ከአገር ይዘነው የመጣን ነው። በመሣሪያ ብቻ የሚሠራን ሙዚቃ ክላሲካል ብለን የሰዓት መሙያ አደረግነው። የአገር ቤቱ ሬዲዮ ዜና እስኪደርስ ያጫውተው፣ ዜናው ሲደርስ መሀሉ ላይ ይቆርጠው ነበር። እንዴት እንደሚያልቁ ሳንሰማ ያደግንባቸው ዜማዎች ስንት ናቸው!

ሰውየው የማይታወቁ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጨሁ። «በእጅ የያዙት ወርቅ…» ብሎ ማለፍም ይቻላል፤ ያ ተረት ግን ያስመልጠናል፣ ወርቅ መሆኑን አላወቅንም ያሰኘናል። አውቀናል እንጂ! አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ የለመዱት የደብረ ብርሃኑ ልጅ ሂልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ሲጫወቱ ከተማው ሁሉ ያውቃቸው ነበር። መሣሪያው የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ንብረት በሆነበት ዘመን ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በራሳቸው ውል የሚሠሩ ነበሩ። በደርግ ሰዓት እላፊ የገባ እንግዳ ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። በ1977 ሙላቱ አስታጥቄን በቫይብራፎን ጨምረው «ቼ በለው»ን አወጡ። በዓመቱ ጋሽ ኃይሉ ሌላ ድምፅ አማራቸውና ከግዮን ሆቴሉ ዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ። በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ለሥራ ሲመጣ ከፊሉ ተመለሰ፣ እሳቸው ቀሩ። ቀሩ ማለት እኛው መሀል ቀሩ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የማሽኑ ነገር ነው። ያ ድራም ማሽን፣ ያ ሲንተሳይዘር ጥቂት ቆይቶ ሁላችን ዘንድ ገባ። ዋን ማን ባንድ አልነው። ለሙሉ ባንድ መክፈል የከበደው ምግብ ቤትና ሰርገኛ ሁሉ አንድ ኪቦርዲስት ጠራ። መሣሪያው እጃችን ላይ ነበር፤ ምን ሊሠራበት እንደሚችልም «ሸሞንሟናዬ» ቀድሞ አሳይቶናል። እኛ ግን ከማሽኑ ርካሽነቱን ብቻ ወሰድን። ያው ምት፣ ያው ቅንብር፣ ላዩ ላይ ሌላ ዘፋኝ።

ጋሽ ኃይሉ መድረኩን ትተው ታክሲ ያዙ። ዱለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከታክሲው ኋላ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው መኪናው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ስንቶቻችን ከአገር ቤት በረራ ወርደን፣ ሻንጣችንን ከዚያ ኪቦርድ ጎን ጭነን፣ ስለ ትራፊኩ እያወራን ሄደን ይሆን?

ከዓመታት በኋላ ብራየን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ የኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ አሳታሚ ባለቤት፣ ባሕር ዳር ካሴት ሲያገላብጥ «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። ፈልጎ ደወለላቸው፤ በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ፣ እሳቸውም መድረክ ላይ ተመለሱ። ያደረገው ይኸው ነው፤ ደወለ። ዋሽንግተን ያለ ሐበሻ አንድ ሁለት ሰው ቢጠይቅ የሚያገኘውን ስልክ!

የዋልያሶችን «ሙዚቃዊ ስልት» የደረሱት ግርማ በየነም ዕጣቸው ያው ነው። በዚያው በ1981ዱ የዋልያስ ጉዞ ቀርተው ለአሥርት ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው ኖሩ፤ በ2017 አልበም ያሠራቸው አካሌ ውቤ የሚባል የፈረንሳዮች ባንድ ነው። ስሙ የኛ መሆኑ ደግሞ ይብስ ያበሽቃል።

ጋሽ ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጡ፤ ባሱንና ድራሙን የያዙላቸው ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። አልበሙ አሥር ደቂቃ ገደማ በሚዘልቅ ትዝታ ይከፈትና ብቻቸውን ፒያኖ ላይ ተቀምጠው በሚጫወቱት «የፍቅር እንጉርጉሮ» ያበቃል። በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተለ፤ እዚህኛው ላይ ማሲንቆም ገብቷል። ሰባን ካለፉ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት አልበም! «ሸሞንሟናዬ»ን ሲሠሩ ገና አርባ አልሞላቸውም ነበር። አርባ አምስት ዓመታቸው ላይ የሚጠብቃቸው አድማጭ ቢኖር፣ አንድ አሳታሚ ለስቱዲዮ ቢከፍል፣ ያንን አኮርዲዮን ከምን ጋር ያጋቡት ነበር? ያንን አልበም ሺምኮቪትዝም ባሕር ዳር ቢመላለስ አያገኘውም፤ አልተቀረጸም።