ከውጊያው በፊት እራት

ይድረስ በጣም ለምወድሽ እህቴ፤

እማዬ ጉልበቷ ተሽሏት ገበያ መውጣት ጀምራለች። ናፍቆትሽ ግን አልቀለለንም። ቤቷ ያሳረፈችሽን እቴቴን ሰላም በይልን፤ ትንሿን ልጇንም ጉንጯን ሳሚልን።

ባለፈው በስልክ «ፐርሶና 4 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሊወጣ ነው፤ ልግዛው ወይስ ገንዘቤን ልያዝ?» ብለሽኝ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን በጽሑፍ ልመልስልሽ። ግዢው። ለምን እንደምልሽ ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ ነገሩ ስቶክሆልም ካለው ኑሮሽ ጋር ይገናኛልና።

የመጀመሪያው የፐርሶና 4 ቪዲዮ ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ለፕሌይስቴሽን 2 ነው። የሠራው የጃፓኑ አትለስ ነው፤ ዳይሬክተሩ ካትሱራ ሃሺኖ፣ ገጸ ባሕርያቱን የሣለው ሺጌኖሪ ሶኤጂማ፣ አብዛኛውን ሙዚቃ የደረሰው ሾጂ ሜጉሮ ነው። በ2012 ተስፋፍቶ «ጎልደን» በሚል ስም ወጣ፣ በ2020 ወደ ኮምፒውተር መጣ። በ2025 ደግሞ አትለስ «ፐርሶና 4 ሪቫይቫል» ብሎ እንደገና እየሠራው መሆኑን አስታወቀ። እኔ የምነግርሽ ከድሮው የማውቀውን ነው።

ታሪኩ የአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ወላጆቹ ለሥራ ውጭ አገር ስለሚሄዱ ለአንድ ዓመት አጎቱ ዘንድ ይላካል። የአጎቱ አገር ኢናባ ትባላለች፤ ገጠር ቀመስ፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ጁነስ የሚባል ትልቅ የገበያ ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ የድሮው የንግድ መንገድ ሱቆች አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። ዓለምን ለማዳን ዘንዶ ፍለጋ የሚኬድበት ጌም ሞልቷል፤ እዚህ ግን የምታድኚው ጎረቤትሽን ነው።

አጎትየው ዶጂማ መርማሪ ፖሊስ ነው። ሚስቱን መኪና ገጭቷት አመለጠ፤ ገዳዩን እስከ ዛሬ ይፈልጋል። ትንሿ ልጁ ናናኮ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ናት። እንግዳው በመጣበት ማታ ሦስቱ እራት ሊበሉ ሲሉ የዶጂማ ስልክ ይጠራል፤ እሱም ብድግ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ናናኮ አታለቅስም፣ አታኮርፍም። ለምዳዋለች። ከማታውቀው ዘመዷ ጋር ቴሌቪዥን እያየች ትቀመጣለች፤ የጁነስ ማስታወቂያ ሲመጣም አብራ ትዘፍናለች። ጭራቅ ሳይታይ፣ ጎራዴ ሳይመዘዝ፣ ይህች ልጅ ልቤን ወሰደችው።

ከዚያ ግድያው ይጀምራል። አንዲት ሴት ሞታ አንቴና ላይ ተንጠልጥላ ትገኛለች። በተማሪዎቹ ዘንድ ደግሞ አንድ ወሬ አለ፤ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን የጠፋ ቴሌቪዥን ብቻውን የሚያይ ሰው፣ መስታወቱ ላይ የሌላ ሰው ምስል ይታየዋል ይባላል። ልጆቹ ይሞክሩታል፤ በቴሌቪዥኑ መስታወት አልፎ መግባት እንደሚቻልም ይደርሱበታል። ውስጡ ጭጋግ የዋጠው ዓለም ነው። እዚያ የተጣለ ሰው የልቡ ጉዳይ ቦታውን ይሠራዋል፤ የእናቷን የእንግዳ ማረፊያ እንድትወርስ የተወሰነባት ዩኪኮ ራሷን የምታገኘው ልዑል አዳኝ የሚጠበቅበት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዝናቡ ለቀናት ጥሎ ኢናባ ላይ ጭጋግ ሲወርድ፣ ውስጥ ያለው ሰው ይሞታል። ስለዚህ ዜና ሲያልቅ የአየር ጠባይ ትንበያውን እንዳታልፊው።

እዚያ ውስጥ የሚገጥሙሽ ጠላቶች «ጥላ» ይባላሉ። ዋነኛው ፍልሚያ ሰው ከራሱ ጥላ ጋር የሚገጥመው ነው። ዮሱኬን ውሰጂ። የጁነስ ሥራ አስኪያጅ ልጅ ስለሆነ ባለሱቆቹ በክፉ ዓይን ያዩታል፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ይቀልዳል፣ ይስቃል። ጥላው በአንድ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ አምሳል ውስጥ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ይህች ትንሽ ከተማ እንደሰለቸችውና ግድያውንም መዝናኛ አድርጎ እንደመጣ ይነግረዋል። ዮሱኬ ይክደዋል። በካደው መጠን ጥላው አብጦ አውሬ ይሆናል። ተዋግተሽ ከጣልሽው በኋላ ግን ዮሱኬ ቀርቦ የእኔ ነህ ይለዋል፤ ያን ጊዜ ጥላው ጂራያ የሚባል ፐርሶና ሆኖ በነፋስ ኃይል ይዋጋለታል። በዚህ ጌም ጠላትን መግደል ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ያፈረበትን ነገር በጓደኞቹ ፊት ማመን አለበት።

ውጊያው ተራ በተራ ነው፤ ፍጥነት ሳይሆን ማሰብ ይጠይቃል። አብዛኛው ጠላት የሚጎዳው ነገር አለው፦ እሳት፣ በረዶ፣ መብረቅ፣ ነፋስ። ድክመቱን ካገኘሽው ይወድቃል፣ ለአንቺም ሌላ ተራ ይጨመርልሻል። ሁሉም ከወደቁ አራታችሁም ባንድ ላይ ትዘምቱባቸዋላችሁ። ሕጉ ግን በአንቺም ላይ ይሠራል፤ ድክመትሽን ከመቱሽ ወድቀሽ ተጨማሪ ተራ ለእነሱ ትሰጫለሽ። የምወደው ረቂቅ ነገር የቺኤ እና የዩኪኮ ነው። ሁለቱ የቡድኑ ልጆች የልብ ጓደኛሞች ናቸው፤ ቺኤ በበረዶ ትዋጋለች፣ እሳት ይጥላታል፤ ዩኪኮ በእሳት ትዋጋለች፣ በረዶ ይጥላታል። ዩኪኮን ልታድን ቤተ መንግሥቱ የገባችው ቺኤ የጓደኛዋን ጥላ የምትገጥመው እሳት እየተተፋባት ነው። በአንድ የቁጥር ሰንጠረዥ የሁለት ሴት ልጆችን ጓደኝነት ጽፈውታል!

መሣሪያውም ከቤት የተነሣ ነው። ዋናው ልጅ መጀመሪያ የሚይዘው የጎልፍ ዱላ ነው፤ ቺኤ በእግሯ ትራገጣለች፤ ዩኪኮ ማራገቢያ ትወረውራለች፤ ጉልቤው ካንጂ በታጣፊ ወንበር ይማታል። ሌሎቹ አንድ አንድ ፐርሶና ሲኖራቸው ዋናው ልጅ ብዙ ይይዛል። ኢጎር የሚባል አፍንጨ ረጅም ሽማግሌ ሰማያዊ ሊሞዚን ውስጥ ተቀምጦ ያሉሽን አዋህዶ ሌላ ይፈጥርልሻል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ፐርሶናሽ የሚበረታው በውጊያ ብቻ አይደለም። ከሰዎች ጋር ያለሽ ወዳጅነት እያንዳንዱ ከአንድ የታሮት ካርታ ጋር የተያያዘ ነው፤ የናናኮ «ፍትሕ» ነው። ከእሷ ጋር ባመሸሽ ቁጥር በዚያ ካርታ ሥር የምትፈጥሪው ፐርሶና ከፍ ብሎ ይወለዳል። የቡድኑ ልጆች ደግሞ ሲቀርቡሽ፣ አንቺን ሊገድል የመጣውን ምት ገብተው ይቀበሉልሻል። ጊዜሽ ግን በቀን መቁጠሪያ የተወሰነ ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ስትገቢ የዕለቱ ከሰዓት ይሄዳል፤ ስለዚህ ማንን እንደምትይዥ፣ ማንን እንደምትተዪ መምረጥ ግድ ነው። ሌቭል ለመጨመር ብቻ የሚሮጥ ተጫዋች ቦሱን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ከተማዋን ግን ሳያውቃት ዓመቱ ያልቅበታል። እኔ ብሆን ማታውን ለናናኮ እሰጥ ነበር። ገዳዩን አልነግርሽም፤ ራስሽ ድረሽበት።

እህቴ፣ አንቺም ሰው ቤት ነሽ። እቴቴ የሌሊት ሥራ ላይ ናት፤ ትንሿ ልጅ እራቷን ቴሌቪዥን እያየች እንደምትበላ አንቺው ነግረሽኛል። ትምህርቱ ከባድ መሆኑን፣ ቋንቋው ገና አልገባ ማለቱን አውቃለሁ። ጓደኛ እስክታገኚ ክፍልሽን ዘግተሽ መቀመጥ እንደሚቀናሽም አውቃለሁ፤ አብረን ነዋ ያደግነው። ሲከፋሽ ደግሞ «ደህና ነኝ» እያልሽ ትስቂያለሽ። ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልፈርድብሽም፣ ለእማዬም አላወራም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ጌሙ ሲወጣ ግዢው፣ የጥናት ሰዓትሽን ግን አይንካ። ግድያና የአዋቂ ነገር ስላለበት ትንሿ ፊት እንዳትጫወቺው። እስከዚያው ማታ ማታ ከክፍልሽ ውጪና አብረሻት እራት ብዪ። እሑድም ለእማዬ ደውዪላት፤ ስልኩን ከእጇ አታወርደውም።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ከአዲስ አበባ