የሸንኮራው ምጣጭ ጉዳይ

ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቅዳሜ ማታ፣ ካልጋሪ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 30ን አልፎ ሰው ሁሉ ቤቱ ተከቶ ሳለ፣ የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። መልእክቱ የአልበርታ የኤሌክትሪክ መስመር ከአቅሙ በላይ ሊሆን ደርሷልና የማያስፈልግ መብራት አጥፉ፣ ምድጃ አትለኩሱ፣ የኤሌክትሪክ መኪናችሁን አትሙሉ የሚል ነበር። እኔ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበርና፣ የነበርነው ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። «ፈረቃ እዚህም ተከትሎን መጣ!» አለ አንዱ። የቤቱ እመቤት ግን አልሳቁም፤ «በረካው ሳይደርስ ማንም ምድጃዬን አያጠፋም» ብለው ጀበናቸውን ጠበቁ።

ፈረቃው አልመጣም። የአልበርታ ሕዝብ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ 200 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ፍጆታ ቀንሶ አደጋው አለፈ። 200 ሜጋ ዋት ማለት ቆቃ ግድብ በ1960 ሲመረቅ ከነበረው 43 ሜጋ ዋት አራት እጥፍ በላይ ነው። እዚህ አገር አምፑል በማጥፋት ብቻ የተገኘው ኃይል፣ እኛ በጣልያን የጦር ካሣ ገንዘብ ግድብ ገድበን ካገኘነው ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ጮክ ብዬ ሳሰላ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ በወጣትነታቸው ወንጂ የሠሩ አንድ አዛውንት አቋረጡኝ።

«አንተ ጋዜጠኛ ነበርክ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሁሉም ስለ ግድብ ሲጽፍ አንተ ስለ ምጣጩ ጻፍ። ስንት መብራት ሜዳ ላይ ሲበሰብስ አይቻለሁ መሰለህ!»

ምጣጭ ያሉት እኛ በልጅነታችን ሸንኮራውን መጥጠን የምንተፋውን ነው። የፋብሪካ ሰዎች ባጋስ ይሉታል። የፋብሪካው ወፍጮም የሚሠራው ጥርሳችን ከሚሠራው ብዙ አይለይም፤ አገዳውን ይከትፋል፣ ይጨምቃል፣ ውኃ እየጨመረ ደግሞ ይጨምቃል፣ የቀረውን ይተፋል። ከአንድ ቶን አገዳ ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ምጣጭ ይወጣል፤ ግማሹ ውኃ፣ የተረፈው የሚነድ ጭረት ነው። ይህ ወደ ቦይለር ገብቶ ይነዳል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ከተርባይኑ የወጣው እንፋሎት ደግሞ ሳይባክን ጭማቂውን አፍልቶ ስኳር ያደርጋል። አንድ ማገዶ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የእኛ እናቶች እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ በተረፈው ፍም ሽሮ እንደሚጥዱት መሆኑ ነው።

ታዲያ ለምን ሜዳ ላይ ይበሰብሳል? ምክንያቱ ግፊት ነው። የድሮ ፋብሪካ ሲሠራ ፍላጎቱ ለራሱ የሚበቃ እንፋሎት ማግኘትና ምጣጩን ከፊቱ ማጥፋት ነበር። ኤሌክትሪኩን የሚገዛው ስለሌለ ቦይለሩ ማገዶ ቆጣቢ እንዲሆን ማንም አልደከመም፤ እንዲያውም አባካኝ መሆኑ ይፈለግ ነበር፣ ካልሆነ ክምሩ መግቢያ መውጫ ያሳጣላ። እንዲህ ባለ ዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ፋብሪካ ከራሱ አልፎ ለሌላ የሚተርፈው ከአንድ ቶን አገዳ 10 ወይም 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ዘመናዊ ቦይለር ግን ከዚያው ከአንድ ቶን 100 ኪሎ ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያወጣል። አገዳው ያው፣ ፀሐዩ ያው፣ አዋሽ ያው፤ የሚለየው ብረቱ ነው።

ወንጂን ያቆመው ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ኢንዶኔዥያ ነጻ ወጥታ እዚያ የነበረው እርሻው አላዋጣ ሲለው ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር በ1951 ተዋዋለና በ1954 የመጀመሪያው ስኳር ወጣ። ሸዋ በ1962 ተከተለ፣ መተሐራ ከዚያ በኋላ በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ። በ1975 ደርግ ወረሳቸው። ፊንጫ በ1998 ተጨመረ። አሮጌዎቹ ወንጂና ሸዋ ግማሽ ምእተ ዓመት አገልግለው ተዘጉና በ2013 አንድ ትልቅ አዲስ ፋብሪካ ተተካ፤ በቀን 6,250 ቶን አገዳ እንዲፈጭ የተሠራ። በአእምሮአችሁ አባዙት፤ በየቀኑ ከ1,800 ቶን በላይ ምጣጭ ነው። ይህ በደንብ ከነደደ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ከ20 ሜጋ ዋት በላይ ይሰጣል። ፋብሪካውም ወደ 30 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ማመንጫ ተተክሎለት፣ ከራሱ የተረፈውን ለብሔራዊው መስመር እንዲሰጥ ሆኖ ነው የተሠራው።

ጨዋታችን ውስጥ አንዱ እንዲህ ሲል ተቃወመ። «የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ የናንተ 20 ሜጋ ዋት ምን ሊሆን?» ያን ጊዜ ግድቡ ገና አልተመረቀም ነበር። በሴፕቴምበር 2025 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ይህን ጥያቄ በየልቅሶ ቤቱ ሳይቀር እሰማዋለሁ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው። ውኃው የሚመጣው በክረምት ነው፤ የሚያልቀው በበጋ። አገዳ የሚፈጨው መቼ ነው? ከጥቅምት ኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት ሰኔ፣ ማለትም ወንዙ በሚጎድልበት፣ ግድቡ ወደ ታች በሚወርድበት ወራት። ዝናቡ ሲገባ መሬቱ ይረጥብና ፋብሪካው ለጥገና ይቆማል፤ ያን ጊዜ ግድቡ ይሞላል። ምጣጩና ግድቡ እንደ ሁለት ባልንጀሮች አንዱ ሲደክም ሌላው የሚበረታ ናቸው። በሜይ 2019 የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ጎድሎ አገሩ ሁሉ በፈረቃ ሲያድር የተረሳ ይመስል፣ ዛሬም «ውኃ አለን» እንላለን። ግድብ ለብርቱ ዓመት ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል። ደግሞስ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት በሌለው ቤት በሚያድርበት አገር የትኛው ሜጋ ዋት ነው የሚናቀው?

መተሐራን እኔም አይቼዋለሁ። ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መደባለቅ በተጀመረበት በ2008 ሰሞን ነው፤ ወሬው ሁሉ ስለ ሞላሰስ ነበር። በግቢው ውስጥ ኮረብታ የሚያክል የምጣጭ ክምር ነበር፣ ከውስጡ እንፋሎት የሚወጣ። እንዲህ ያለ ክምር ማንም ሳይለኩሰው ከውስጥ እየጋለ የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ ብናኙም ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባ የሚያሳምም ነው፣ በሽታው ራሱ በባጋስ ስም የተጠራ ነው። የጻፍኩት ሦስት ገጽ ነበር፤ የወጣው ስለ ስኳሩና ስለ ኤታኖሉ ያለው ብቻ ነው። የምጣጩ «ለአንባቢ አይጥምም» ተብሎ ተቆረጠ። አንባቢ እኮ ነው በጨለማ የሚያነበው!

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው፣ ጋዜጣችን በኋላ የተዘጋው በወረቀት ዋጋ መሆኑ ነው። በሕንድ አገር የታሚል ናዱ የጋዜጣ ወረቀት ፋብሪካ በ1980ዎቹ ከሸንኮራ ምጣጭ የጋዜጣ ወረቀት ማምረት ጀምሮ ነበር። እኛ ክምሩን በርቀት እያየን ወረቀት በውጭ ምንዛሪ እንገዛ ነበር። ስንት ዋና አዘጋጅ ፀጉሩ የሸበተበትን መድኃኒት መተሐራ ሜዳ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ትተነው ነበር ማለት ነው።

በ2010 መንግሥት አሥር አዳዲስ ፋብሪካዎች አቆማለሁ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ስኳሩን 2.25 ሚሊዮን ቶን አደርሳለሁ፣ መብራትም እሸጣለሁ ሲል ብዙዎቻችን አጨብጭበናል፤ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር። የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለሜቴክ የተሰጡት ለዓመታት ተጓተቱ፤ በጣና በለስ አገዳው ደርሶ ፋብሪካው ሳይደርስ ቀረ። ስኳር በኮታ፣ በቀበሌ ሰልፍ፣ ከሸማቾች ማኅበር ደጃፍ መፈለጉ ቀጠለ። አንዱን ፕሮጀክት ደግሞ ኦሞ ኩራዝ ብለው ጠሩት። ስሙ የወረዳው ነው፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መብራት አመነጫለሁ ያለ ፋብሪካ ኩራዝ ሲባል ሰው እንዴት አይሳቅ!

መብራቱ ከስኳሩ ተለይቶ አይኖርም፤ ይህን ከጎረቤት መማር ይቻላል። ኬንያ ውስጥ የሙሚያስ ስኳር ፋብሪካ በ2009 38 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አቁሞ 26ቱን ለአገሩ መስመር መሸጥ ጀመረ። ምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ያደነቀው ነገር ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አስተዳደሩ ተበላሸ፣ ዕዳ ተቆለለ፣ ለገበሬው የአገዳ ዋጋ አልተከፈለም፤ ገበሬው አገዳውን ለሌላ ሸጠ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ተርባይኑም አብሮ ቆመ። በ2019 ኩባንያው በባንክ እጅ ገባ። ግድብ ሥራ አስኪያጁ ቢሰርቅም ውኃው ይፈሳል፤ ምጣጭ ግን ገበሬው ካልተከፈለው የለም።

በሞሪሺየስ በአንጻሩ ምጣጩ ለዓመታት ከአገሪቱ መብራት ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ሲሰጥ ኖሯል፤ አነስተኛ አገዳ ተካዮችም ከምጣጩ ገንዘብ ድርሻ እንዲያገኙ በሕግ ተደርጓል። በእርግጥ ነጩን ብቻ ላለመናገር፣ እነዚያው ጣቢያዎች አገዳ በሌለበት ወራት ሲያነዱ የኖሩት የድንጋይ ከሰል ነው። ቢሆንም ድርሻ የሚለው ነገር ከልቤ አይወጣም። በወንጂ ዙሪያ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ ብዙ አገዳ አምራች ገበሬዎች አሉ። የሚከፈላቸው ለአገዳው ነው። ለምጣጩስ?

ከገበሬው በፊት ደግሞ የመሬቱ ባለቤት አለ። የመተሐራ አገዳ የተተከለው ከረዩዎች ከብቶቻቸውን በበጋ የሚያወርዱበት የአዋሽ ዳር ላይ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ብዙውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወሰደው። ወንጂ ላይ የጅሌዎች ግጦሽ ነበር። በታችኛው ኦሞ ቦዲዎችና ሌሎቹ ስለ መፈናቀላቸው ሂውማን ራይትስ ዎች በ2012 ሪፖርት አውጥቷል። ፀሐፊዎች ሁላችን «ንጹሕ ኃይል» ስንል ጭሱን ብቻ ነው የምንለካው። እኔ መተሐራ በሄድኩበት ጊዜ ምሽት ላይ የፋብሪካው ግቢ እንደ ከተማ ያበራ ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ካሉት ጎጆዎች የሚታየው የማገዶ እሳት ነው። ይህን ላለማየት ዓይንን መጨፈን ያስፈልግ ነበር።

(ወንጂ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የካልጋሪ ከተማ በ2011 ያቆመችውን ፍሎራይድ በ2025 እንደገና የቧንቧ ውኃ ውስጥ መጨመር ጀምራለች። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ በፍሎራይድ የቡኒ ቀለም የያዙ ጥርሶቻቸውን አሳይተው «እኛ በነጻ ጠጥተነው ነው የመጣነው» አሉ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ለወንጂ ሠራተኞችና ልጆች ያተረፈው ይህን ነው።)

አሁን ይህን የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ስምንት የስኳር ፋብሪካዎችን ለግል ባለሀብት ለመሸጥ ጨረታ ጠርቶ ነበር፤ ተንዳሆ፣ ከሰም፣ አርጆ ዴዴሳ፣ ጣና በለስና የኦሞ ኩራዝ አራቱ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ካልጋሪ፣ ቶሮንቶም ዋሽንግተንም፣ አክሲዮን ስለ መግዛት የሚያወራ ወገን አላጣሁም። የነዳጅ ከተማ ውስጥ ነውና የምንኖረው፣ ቦይለርና ተርባይን እንደ እጃቸው የሚያውቁ ልጆች ከመካከላችን አሉ፤ ፎርት ማክመሪ ክረምቱን ሙሉ እንፋሎት ሲጠብቁ የሚያድሩ። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ልጆች ይዛችሁ ጠይቁ፤ የቦይለሩ ግፊት ስንት ነው? ትርፉን ኤሌክትሪክ ማን፣ በስንት ሳንቲም፣ ለስንት ዓመት ይገዛል? መስመሩ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያው ተዘርግቷል ወይስ በሥዕል ላይ ነው? ለአገዳው ገበሬ ከመብራቱ ሽያጭ ምን ይደርሰዋል? ከአጥሩ ማዶ ላለው መንደር የመጀመሪያው ምሰሶ መቼ ይተከላል? እነዚህ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ካልተገኙ፣ እኔ በበኩሌ አንድ ዶላር አላወጣም።