ቲቸር፣ ትምህርቱን ትቼ ኳስ ላይ ላተኩር?

ርዕስ ያደረግኩት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የጻፈልኝን ጥያቄ ነው። ስሙን አልጠቅስም። 9ኛ ክፍል እያለ ስፖርት አስተምሬዋለሁ፣ አሁን 11ኛ ደርሷል። ፈጣን ነው፣ ግራ እግሩም የምር ግራ እግር ነው።

"አርፈህ ተማር" ልለው ስል ቀድሞኝ ሌላ መልእክት ላከ። "ቲቸር፣ 12ኛ ክፍል እኮ ከመቶ 3 ልጅ ነው የሚያልፈው። ኳሱ ከዚህ ይብሳል?"

ምን ትሉታላችሁ? ልጁ ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም። በ2014 ዓ.ም ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2015ም ያው ነው፣ 3.2። በክልላችን ደግሞ ባለፉት ዓመታት ትምህርት እንዴት ሲቆራረጥ እንደከረመ ለእናንተ አልነግራችሁም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ልጅ ተቆጥቶ ዝም ማሰኘት መልስ አይሆንም። ፕሮፋይሉ ላይ የለጠፈው የአቡበከር ናስርን ፎቶ ስለሆነ፣ እኔም በአቡበከር በኩል ልመልስለት ወሰንኩ። እዚህ የጻፍኩት እንደሱ የሚጠይቁኝ ብዙ ስለሆኑ ነው።

አቡበከር የተወለደው በ1992 ዓ.ም ነው። በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ሲያስቆጥር ገና 21 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው የአንድ የውድድር ዘመን ሪከርድ የጌታነህ ከበደ 25 ጎል ነው፣ በ2009 ለደደቢት ሲጫወት ያገባው። በ2013 ሊጉ 13 ክለብ ብቻ ስለነበረው እያንዳንዱ ቡድን 24 ጨዋታ ነው ያደረገው። 24 ጨዋታ፣ 29 ጎል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ጎበዝ ነው፣ አለቀ። ግን ከጎሎቹ ስር ምን ነበር? ተማሪዬ እንዲያየው የምፈልገው ይሄን ነው።

አንደኛ፣ ክለብ ነበረው። ያኔ ቡናን የሚያሰለጥነው ካሳዬ አራጌ ነበር። ኳስ ከኋላ ጀምሮ በአጭር ቅብብል የሚጫወት ቡድን ነው፣ አጥቂው ኳሷን የሚያገኛት ተሠርታ ነው። ሁለተኛ፣ የሚታይበት መድረክ ነበረው። በኮሮና ምክንያት ሊጉ እየተዘዋወረ በአምስት ከተማ ነበር የተካሄደው፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ይሰባሰባሉ፣ ተጫውተው ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። ያ ዓመት ሊጋችን በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረበትም ነው። ዲኤስቲቪ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት መሆኑን ልብ በሉ። በዓመቱ ልጁን የወሰደው ክለብም የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ነው። ያለ ስክሪኑ አይወስዱትም ነበር ማለቴ አይደለም፣ ግን ያልታየ ልጅ አይገዛም።

ሦስተኛው የእኛው ነው፣ ሜዳ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ ባህር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ከጎሎቹ አንዷ የአቡበከር ነበረች። ከስድስት ቀን በኋላ አቢጃን ላይ በአይቮሪኮስት ብንሸነፍም ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን፣ ከስምንት ዓመት በኋላ። ጳጉሜ 2 ደግሞ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከዚምባብዌ ጋር 0 ለ 0 ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን። መደበኛው ሰዓት አልቋል። ኳሷ ገባች። ያን ቀን የት እንደነበራችሁ እንደማትረሱት እርግጠኛ ነኝ። ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ ከተማው አንድ ላይ ነው የጮኸው።

ከዚያስ? መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ እዚሁ መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈችን። ብዙም ሳይቆይ ካፍ ስታዲየማችን መስፈርት አያሟላም ብሎ ከለከለው። በቀጣዩ ወር ከጋና ጋር የነበረንን "የሜዳችን" ጨዋታ ጆሃንስበርግ ተጫወትን። ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ የሚያኮራ ጨዋታም "ሜዳችን" የተባለው ማላዊ ነው። ለዓመታት እንዲሁ በሰው አገር ባለሜዳ ሆነን ከረምን። ተማሪዬ የዚምባብዌው ጨዋታ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር። ከእሱ የሚያንሱት ደግሞ ብሔራዊ ቡድን ማለት በስልክ የሚታይ ነገር ነው የሚመስላቸው።

አራተኛው ሰውነት ነው። አቡበከር ካሜሩን በአፍሪካ ዋንጫ ተጫውቶ፣ በ2014 ክረምት ሰንዳውንስን ተቀላቀለ። እዚያ ፊት መስመር ላይ የናሚቢያው ፒተር ሻሉሊሌን የመሰሉ አጥቂዎች ነበሩ። ልጃችን ጥሩ ጀምሮ ነበር፣ ግን ጉዳት ያዘው፣ ተደጋገመበትም። ከሜዳ ርቆ የከረመበት ጊዜ ረዘመ። በ29 ጎሉ ጊዜ ስሙን እየጠራ ሲጨፍር የነበረው ሰው "ጠፋ እኮ" ማለት ጀመረ። አልጠፋም ጎበዝ! ታሞ ነበር። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ በሰው አገር ጉዳቱን እያስታመመ ነበር። እሱ እኮ ሐኪም ያለው፣ ደመወዝ የሚከፍል ትልቅ ክለብ ውስጥ ሆኖ ነው። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ጎል አድርገህ፣ በላስቲክ ጫማ ስትጫወት ጉልበትህ ቢዞር ማን ያሳክምሃል?

እና ለተማሪዬ የምለው ይሄን ነው። ኳስ ተው አልልህም። ከመቶ 3 ነው ያልከውም በ2014 እና በ2015 ልክ ነበር። ግን አንድ ነገር ቁጠርልኝ። ትምህርቱን ብትተው በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ታተርፋለህ። በዚያ ሰዓት የሚያሠለጥንህ ማነው? ክለብ ያለው ተጫዋች እንኳ በቀን ከሁለት ሰዓት ብዙም ያለፈ ልምምድ አይሠራም፣ የቀረው ምግብና እረፍት ነው። አንተ ያንን ሁለት ሰዓት ጠዋት ከፈረቃህ በፊት ታገኘዋለህ። ስለዚህ ትምህርት ማቆም ኳስህ ላይ አንዲት ደቂቃ አይጨምርልህም። የሚጨምርልህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ የምታሳልፈውን ሰዓት ነው። የጎደለህ ጊዜ አይደለም፣ ቡድንና አሠልጣኝ ነው። እሱን ደግሞ አንተ ብቻህን አታመጣውም።

ይሄኛው የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው። ልጆቹ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ በየዓመቱ እየታጠረ ነው፣ ሁላችንም እያየን። ትልቁ ስታዲየም ቢታደስ ደስ ይለኛል፣ ግን አቡበከርን የሚያህል ልጅ የሚጀምረው ስታዲየም ውስጥ አይደለም፣ በየሰፈሩ ባለች ሜዳ ነው።

በከተማችን ታዳጊ የምታሠለጥኑ ይሄን ካነበባችሁ በውስጥ መስመር አውሩኝ። 11ኛ ክፍል ነው፣ በግራ መስመር የሚሮጥ ልጅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው። ከሰዓት ትምህርት አለው። ጫማውን እኔ እችላለሁ።