እሳት የሚያነቡት አባት

ዛሬ ስለ ብረት ላውራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በዚህ በጋ ጋይንት ውስጥ የገጠር መንገድ የሚጠርግ አንድ ሎደር ባልዲው ከቋጥኝ ተጋጭቶ ታጠፈ። የታችኛው ከንፈሩ በአንድ ጎን ወደ ላይ ተቀልብሷል። እንዲህ ሆኖ አይሠራም፤ አንዱ ጎን መሬት ሲነካ ሌላው አየር ላይ ነው። ክረምት ሳይገባ መንገዱ ካልደረሰ ደግሞ ወላድ በቃሬዛ መሸከሙ ለሌላ ዓመት ሊቀጥል ነው። አዲስ ባልዲ መጠበቅ የሚታሰብ አልነበረም።

የከተማው በያጅ ወጣት ነው፤ ማሽንም ኦክስጅንም አለው። አየውና "ብየዳው የኔ፤ እሳቱን የሚያነብልኝ ሰው ግን እፈልጋለሁ" ብሎ ማረሻ የሚያሾሉ አንድ አዛውንት አስጠራ። እኔም የፊዚክስ አስተማሪ አይደለሁ፣ ቆሜ አየሁ።

መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው የት ላይ እንደጎበጠ ለዩ። በብሎን የታሰረውን ምላጭ ፈቱት፤ እሱ ፋብሪካ ውስጥ እንዲጠነክር የተደረገ ስለሆነ እሳት ካገኘው ይለሰልሳል። ከኋላ የተበየደውን ማጠናከሪያ ቆረጡ፤ እሱ ይዞት እያለ ብረቱ እሺ አይልም። ከዚያ በሰንሰለት አስረው ክሪክ ደገፉና መታጠፊያውን ብቻ አጋሉ። አዛውንቱ "ገና... ገና..." ይላሉ። "አሁን!" ሲሉ ክሪኩ ትንሽ ይገፋል፤ ቅላቱ ሲጠፋ ይቆማል፤ እንደገና ይጋላል። ከልኩም ጥቂት አሳለፉት፤ ብረት ሲለቁት ወደ ኋላ መለስ ይላላ። ረዳቱ ውሃ ሊደፋበት ሲል "ተው ልጄ! ይደርቅና ይሰነጠቃል። በራሱ ጊዜ ይብረድ" አሉት።

ቴርሞሜትር የላቸውም። መለኪያቸው የብረቱ ቀለም ነው። ዕድሜ ልካቸውን ወናፍ ሥር ቁጭ ብለው የተማሩት ነው።

ሒሳብ ላይ ከፋዩ ለበያጁ ቆጥሮ ሰጠና ለአዛውንቱ "የሻይ" ብሎ ጥቂት ብር ዘረጋ። ልጁ ገንዘቡን አስቀምጦ እኩል ሁለት ቦታ ከፈለው። "አባባ ባይኖሩ ባልዲህን አቃጥዬው ነበር" አለ። ምሳም አብረው ከአንድ ትሪ በሉ።

ይኼ ለሌላ አገር ሰው ተራ ነገር ነው። ለእኛ ግን አይደለም። ማረሻውን፣ ወገሉን፣ ማጭዱን የሚሠራልንን ሰው "ቡዳ" እያልን ስንት ትውልድ አራቅነው! በእሱ ብረት ያመረትነውን እህል ከእሱ ጋር ለመብላት እንጠየፋለን። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ የእጅ ሙያ ምን እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። ያ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገድ እየተጠረገለት ነው፤ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ አንስተዋል። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡስ አልፏል?

ስማዳ ሳስተምር አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። የአባት ሥራ የሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ "ገበሬ" ብሎ ይሞላል። አባቱ ቀጥቃጭ መሆኑን ግን ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። እረፍት ላይ ብቻውን ይቆማል። ዘጠነኛን ሳይጨርስ ትምህርቱን ተወ። ያ ልጅ ዛሬ ጥሩ መካኒክ ወይም ኢንጂነር መሆን ይችል ነበር፤ ቀለም የሚያነብ ዓይን ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው።

ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ መምህራን ናችሁ። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አባቱን ጋብዙና ብረት ሲግል ቀለሙ ለምን እንደሚለዋወጥ እሱ ያስረዳላችሁ። ወላጆች ደግሞ፣ ማረሻ ልታሾሉ ስትሄዱ ቡና ከቀረበላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ልጆቻችሁም ይዩአችሁ።